ካርዱን ከመክሰሳችሁ በፊት

ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነበር። ወደ 40 ደቂቃ የሚሆን ሥራ ነው፤ ልጨርሰው ትንሽ ቀርቶኛል። ድንገት ስክሪኑ ጠቆረ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም፤ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ለጥቂት ሰከንድ ማውራቱን ቀጠለ፣ ከዚያ እሱም ጸጥ አለና የግራፊክስ ካርዱ ፋን በአንዴ እስከ ጥግ መጮኽ ጀመረ። ማውዝ ባንቀሳቅስ፣ ኪቦርድ ብነካካ መልስ የለም። ማብሪያውን ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት። መልሼ ስከፍተው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሳ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቁጭ ብዬ ጽሑፍ እያነበብኩ ሳለ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፤ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ በእኩል ርቀት የተደረደሩ፣ ከላይ እስከ ታች። ሪስታርት ሳደርገው ጠፉ። በማግስቱ ተመለሱ።

በቃ፣ ካርዱ አልቆለታል ብዬ ደመደምኩ። አዲስ ማፈላለግ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ያኔ ያልገባኝ ነገር ሁለቱ ምልክቶች የአንድ በሽታ አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ጥፋት የካርዱ አልነበረም። ሁለተኛው ግን የራሱ የካርዱ ነበር። ይህን ለመለየት አንድ ወር ፈጀብኝ። አካሄዱን የሚያውቅ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢፈጅበት ነው፤ ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ ከነስህተቱ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ግራፊክስ ካርድ አንድ ዕቃ አይደለም። የራሱ ፕሮሰሰር አለው፣ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ ኤሌክትሪኩን መጥኖ የሚያከፋፍል ክፍል አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው። ኮምፒውተር ውስጥ የተሰካ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር በሉት። ስለዚህ "ካርዱ ተበላሸ" ማለት "ሰውዬው ታመመ" እንደማለት ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያመው ገና አልተነገረንም። ነጠብጣብ፣ የዳማ መጫወቻ የመሰሉ ሳጥኖች፣ ቀለማቸው የተቀያየረ ምስሎች ሲታዩ አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪው ነው የሚጠረጠረው። ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ሆኖ መቅረት ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ሙቀት ያመለክታል። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። እነዚህ ጥርጣሬዎች ናቸው፣ ፍርድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መነካካቴ ነው። በአንድ ምሽት ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ቀየርኩ፣ ካርዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ የሞኒተር ኬብል ለወጥኩ፣ አቧራ አጸዳሁ። ለሁለት ቀን ደህና ሆነ። ከአራቱ የቱ እንደረዳው ግን ምንም ማወቂያ የለኝም፤ ችግሩ ሲመለስም ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ስሠራ እንደነበር፣ ምን እንዳየሁ፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እጠብቃለሁ። ደብተሩን ገና በሳምንቱ ሳነበው ነው የደነገጥኩት፤ ጥቁር ስክሪኑ የሚመጣው ሁልጊዜ ካርዱ ሲጨናነቅ ብቻ ነው፣ ነጠብጣቦቹ ግን ምንም ሳልሠራም ይመጣሉ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መጠርጠር የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ከቀላሉ ልጀምር።

ሞኒተሩና ኬብሉ። የላላ ወይም የተጎዳ ኬብል ስክሪን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ያጠፋል፣ ነጫጭ ብልጭታ ሁሉ ይፈጥራል። ሌላ ኬብል ካላችሁ ቀይሩ፣ ዲስፕሌይፖርት ላይ ከሆናችሁ ኤችዲኤምአይ ሞክሩ፣ ከተቻለ በሌላ ሞኒተር እዩት። ለነጠብጣቦች ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው ጥሩ ዘዴ አለ፤ ነጠብጣቦቹ ስክሪኑ ላይ እያሉ ስክሪንሾት አንሱና ፋይሉን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ክፈቱት። ነጠብጣቦቹ በፎቶው ውስጥ ካሉ፣ ምስሉ ኬብሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሞኒተሩና ኬብሉ ነጻ ናቸው። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኬብልና ሞኒተር ላይ ጊዜ አጥፉ። የኔ ፎቶ ነጠብጣቦቹን ይዞ ነበር። በስልክ ካሜራ ስክሪኑን ማንሳት ለዚህ አይጠቅምም፤ ካሜራው የሚያየው መጨረሻ ላይ የወጣውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ድራይቨር። ዊንዶውስ ካርዱ የተሰጠውን ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠበት "ስታክ አድርጓል" ብሎ ያስብና ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ምናልባት ይህ ነው የሆነው። ኢቨንት ቪወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥር 4101 ካገኛችሁ ማረጋገጫው እሱ ነው፤ የማሳያ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደተመለሰ ይነግራችኋል። ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም። ድራይቨሩ ራሱ፣ ካርዱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ከልክ በላይ የተጫነ ፍጥነት፣ ሁሉም ይህን ሊያመጡ ይችላሉ።

እዚያው መዝገብ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቁጥር አለ፤ 41። ብዙዎች ይህን ያዩና "ፓወር ሰፕላዬ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ተበላሸ" ብለው ይደመድማሉ። ቁጥር 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው። ስታክ አድርጎባችሁ ማብሪያውን ተጭናችሁ ብታጠፉትም ይመዘገባል። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ቁጥር ተሳስቻለሁ።

ድራይቨሩን ለማጽዳት በላዩ ላይ ሌላ መጫን አይበቃም። ዲዲዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) አስነስታችሁ አሮጌውን ድራይቨር ከሥሩ ያነሳላችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት አዲሱን ድራይቨር ከካርዱ አምራች ገጽ አውርዳችሁ አስቀምጡና ኢንተርኔቱን ንቀሉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ እናንተን ሳይጠይቅ የራሱን ይጭናል። ችግሩ የጀመረው ድራይቨር ባዘመናችሁ ሰሞን ከሆነ ደግሞ አዲሱን ሳይሆን ደህና የነበረውን የድሮውን ጫኑ። በኔ ኮምፒውተር ይህ ሁሉ ምንም አልለወጠም። ግን አልቆጨኝም፣ ከዝርዝሩ አንድ ተጠርጣሪ ወጣ።

ሙቀት። ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ጂፒዩ-ዚ ጫኑና ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት፤ በእጅ ዳስሶ መገመት አይሆንም። ሥራ ላይ ያለ ካርድ ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ የተለመደ ነው። ሌላ የምታዩት ቁጥር የቺፑ በጣም ሞቃቱ ነጥብ ነው፤ ሆትስፖት ይሉታል። ከዋናው ሙቀት መብለጡ ያለ ነው፣ ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በደንብ አልገጠመም ብላችሁ ጠርጥሩ። ፋኑ ካልዞረ ወዲያው አትደንግጡ፤ ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሥራ ሲፈቱ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ፣ ሲሞቁ ያስነሱታል። አቧራ ስታጸዱ ደግሞ የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፤ የተጨመቀ አየር ስትነፉበት በራሱ ከልክ በላይ ከዞረ መዞሪያው ይጎዳል። የኔ ካርድ 74 ዲግሪ ላይ ነበር። ሙቀት አይደለም።

እንግዲህ ኤሌክትሪክ። ጥቁር ስክሪኑ የተፈታው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ካርዱ የተሰካበት የማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ባለ 6 ፒኑ ተጨማሪ መሰኪያ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት እንዲሸከሙ ነው የተወሰነላቸው። የኔ ካርድ ሲጨናነቅ ወደ 220 ዋት ይወስዳል፣ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው። እኔ ግን ሁለቱንም የሰካኋቸው ከአንድ ኬብል ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ያለው ኬብል ነበር፣ ሁለቱም ራስ ገጠመ፣ ሠራ፣ ረሳሁት። ችግሩ ካርድ ኤሌክትሪክ የሚስበው ቀጥ ባለ መስመር አይደለም። አማካዩ 220 ይሁን እንጂ ለሺኛ ሰከንዶች ያህል ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ ይዘላል። ያ ሁሉ በአንድ ኬብል ሲያልፍና መሰኪያው ደግሞ ትንሽ ከላላ፣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፤ ካርዱ ራሱን ይስታል፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል፣ የሚቆጣጠረው ያጣው ፋን እስከ ጥግ ይጮኻል። መጀመሪያ ቀን የሰማሁት ጩኸት ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ከግድግዳው ነቅዬ፣ መሰኪያዎቹን አውጥቼ በባትሪ ብርሃን አየኋቸው። ከስምንቱ ቀዳዳዎች አንዷ ዙሪያዋ ቡናማ ሆኗል። ፕላስቲኩ ሞቆ ነበር ማለት ነው። እዚያ ላይ ልቤ ቀጥ አለ፤ ይህ ስክሪን ከመጥፋት አልፎ ወደ እሳት የሚሄድ ነገር ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አብሮ የመጣውን ሁለተኛ ኬብል ፈልጌ አገኘሁና ለእያንዳንዱ መሰኪያ አንድ አንድ ኬብል አደረግኩ፣ ቀጭ እስኪል ገፋሁት። የጠቆረውን ኬብል ጣልኩት።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ። ኬብል ቢጎድላችሁ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ኬብል አትውሰዱ፤ ያው ኩባንያ የሠራው ቢሆንም እንኳ። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ገጥሞላችሁ ገብቶ ያላችሁን ዕቃ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጥቁር ስክሪን አልተመለሰም። ያንን የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ጨረስኩት። ካርዱን ያለ ጥፋቱ ልጥለው እንደነበር ሳስብ ቅር አለኝ።

ነጠብጣቦቹ ለ12 ቀን ጠፍተው ቆዩ። በ13ኛው ቀን ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ የማዘርቦርዱ አርማ በሚታይበት ስክሪን ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው።

ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ የለም፣ ድራይቨር የለም፣ ጌም የለም፣ ጭነት የለም። ሶፍትዌር ነው የሚለው መከራከሪያ እዚያ ላይ ያበቃል። እናንተም ነጠብጣብ ካያችሁ ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡና ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እዚያም ካለ ሃርድዌር ነው። እዚያ ከሌለ ግን ካርዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ባዮስ የሚጠቀመው ከካርዱ ሜሞሪ ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ የተጎዳችው ቦታ ላትነካ ትችላለች።

ቀጥሎ ካርዱን አወጣሁት። ስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ መጀመሪያ ተጫኗት፤ ሳይለቁ መጎተት ስሎቱን ይሰብራል። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካካሁት ጨርቅ ጠረግኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ መለስኩት፣ ከባድ ስለሆነም ከሥሩ ደገፍ አደረግኩለት። የተጣመመ ወይም አቧራ የያዘ ግንኙነት የሞተ ካርድ ሊያስመስል ይችላል። በኔ ለውጥ አላመጣም።

የኮምፒውተሩን ራምም (ከካርዱ ሜሞሪ የተለየውን ዋና ሜሞሪ) ፈተንኩ። ሜምቴስት86 በፍላሽ ላይ ጭኜ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩት። አንድም ስህተት አልወጣም። ይህን የምትዘሉት ከሆነ ቢያንስ በባዮስ ውስጥ የራሙን ፍጥነት ወደ መደበኛው መልሱትና ለጥቂት ቀን እዩ፤ የተጎዳ ራም የግራፊክስ ካርድ ችግር የሚመስል ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ከዚያ በጣም የወደድኩት ፈተና መጣ። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ሜሞሪ ፍጥነት በ400 ሜጋኸርዝ ቀነስኩት። ነጠብጣቦቹ ዓይኔ እያየ ጠፉ። ወደ መደበኛው ስመልሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቱም ጊዜ ያው። ፍጥነት ሲቀንስለት የሚሻለው ሜሞሪ በተሠራበት ፍጥነት መሥራት ያቃተው ሜሞሪ ነው። ኦሲሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የካርዱን ሜሞሪ ብቻ የሚፈትሽበት ክፍል አለው፤ በመደበኛው ፍጥነት አስኬድኩት፣ ስህተቱ በመቶዎች ተቆጠረ። ደህና ካርድ እዚህ ፈተና ላይ ዜሮ ነው ማምጣት ያለበት። ፈርማርክን የመሰሉ ካርዱን እስከ ጥግ የሚያጨናንቁ ፈተናዎችም አሉ፤ እነሱን የምትጠቀሙ ከሆነ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ሙቀቱን እያያችሁ ይሁን፣ አስነስታችሁት አትሂዱ።

የመጨረሻው ፈተና መለዋወጥ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ካርዱን ወስጄ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ የሱን ደግሞ እኔ ጋ። ሌላ ማዘርቦርድ፣ ሌላ ፓወር ሰፕላይ፣ ሌላ ሞኒተር። ነጠብጣቦቹ ካርዱን ተከትለው ሄዱ። የሱ ካርድ እኔ ጋ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ምንም ችግር ሠራ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

የሚለዋወጡበት ሁለተኛ ኮምፒውተር ከሌለ፣ ፕሮሰሰራችሁ የራሱ ግራፊክስ ካለው እሱ ይረዳችኋል። ካርዱን አውጡና የሞኒተሩን ኬብል በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩት። ለጥቂት ቀን ያለ ካርዱ ሠርታችሁ ችግሩ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው በካርዱና በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ላይ ይጠባል። በስማቸው መጨረሻ "ኤፍ" ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ይህ የላቸውም፤ ከ7000 ተከታታይ በፊት የነበሩ የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችም "ጂ" ከሌለባቸው የላቸውም። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ስታዩት ማዘርቦርዱም ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ ነው።

አሁን ስለ ምድጃው። የተበላሸ ካርድ ምድጃ ውስጥ ጋግሩት የሚል ምክር አሁንም ይዞራል። እባካችሁ አታድርጉት። ሐሳቡ የተሰነጠቀው ብየዳ ቀልጦ ይገጥማል የሚል ነው። ነገር ግን በዘመኑ ካርዶች ላይ ያለው እርሳስ የሌለበት ብየዳ የሚቀልጠው ወደ 217 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰዎች የሚጋግሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። አንዳንዴ ካርዱ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚነሳው ሙቀቱ ውስጡን ትንሽ አላውሶት ስለሚገናኝ እንጂ ስለተጠገነ አይደለም። የኔ ዓይነት የሜሞሪ ቺፕ ችግርን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ከፕላስቲኩና ከሙጫው የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ መቅረቱ ያስፈራል። በዚያ ላይ በባለሙያ ሊድን ይችል የነበረውን ካርድ ለጥገና የማይመች ያደርገዋል።

የሜሞሪ ቺፕ በባለሙያ ይቀየራል። ሙቅ አየር የሚነፋ የብየዳ መሣሪያና የተፈተነ እጅ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ ግን የሚሠራ ሥራ ነው። ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ "ካርዴ ተበላሸ" ብቻ አትበሉ። ባዮስ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ የሜሞሪ ፍጥነት በ400 ሲቀንስ ይጠፋል፣ በሌላ ኮምፒውተርም ያው ነው፣ ሙቀቱ 74 ነው በሉት። ዋስትና ካላችሁ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከመፍታታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ፤ ብሎኑን መንካት ዋስትናውን የሚያሳጣበት ጊዜ አለ። የኔ ዋስትና ካለፈ ቆይቷል።

ስለዚህ ካርዱን ከደብተሩ የገለበጥኳት አንድ ገጽ ጋር ለጠጋኝ ሰጠሁት። ገጿን ሁለት ጊዜ አነበባትና የሚፈትሽበት ፕሮግራም ላይ አስነሳው፤ ከስምንቱ የሜሞሪ ቺፖች የምትሳሳተዋ አንዷ ብቻ ነበረች። እሷን ቀይሮ በሳምንቱ መለሰልኝ። ኦሲሲቲን እንደገና ሁለት ሰዓት አስኬድኩት፤ ዜሮ። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሜሞሪው በመደበኛ ፍጥነት፣ ኬብሉ ሁለት፣ ሙቀቱ 73።